የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያዎች የደመወዝ ንጽጽር፦ ሠንጠረዡ የማያሳየው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የአውሮፕላን ጥገና ሙያ የተማርኩት አዲስ አበባ ሲሆን፣ በዲቪ ወደ አሜሪካ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ስሙን ልጠቅሰው በማልፈልገው አንድ ትልቅ አየር መንገድ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ መሥራት ከጀመርኩ ደግሞ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የሠራተኛ ማኅበራችንና ድርጅቱ የኅብረት ስምምነቱን ለማሻሻል ከሁለት ዓመት በላይ ሲደራደሩ ቆይተው አሁን ረቂቁ ለድምፅ ቀርቦልናል። ችግሬ ይህ ነው፦ ማኅበሩ ባደለን ሠንጠረዥ ላይ የእኛ የሰዓት ክፍያ ከሌሎች አየር መንገዶች በታች ነው፤ ድርጅቱ ባሰራጨው ሠንጠረዥ ግን ከሁሉም በላይ ነን። ሁለቱም የሚዋሹ አይመስሉኝም። አንዳንድ ባልደረቦቼ ደግሞ «ዴልታ እኮ ለመካኒኮቹ ዩኒየን ሳይኖር ከእኛ እኩል ይከፍላል፤ ታዲያ እኛ መዋጮ የምንከፍለው ለምንድን ነው?» ይላሉ። ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ የሚታከሙት በእኔ የጤና መድን ነው። ድምፄን ከመስጠቴ በፊት ንጽጽሩን ራሴ መሥራት እፈልጋለሁና ከየት ልጀምር?

ከዳላስ፣ ቴክሳስ

መልስ፦

ሁለቱም ሠንጠረዦች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚለያዩት በሚቆጥሩት ነገር ነው። ማኅበር ብዙውን ጊዜ የሚያወዳድረው የመጨረሻው እርከን ላይ የደረሰና የኤ ኤንድ ፒ ፈቃድ (የአውሮፕላን አካልና ሞተር ለመጠገን የሚሰጥ የሙያ ፈቃድ) ያለው ቴክኒሽያን በሰዓት የሚያገኘውን ነው። ድርጅት ደግሞ ደመወዙን፣ የጡረታ መዋጮውን፣ ለመድን የሚያወጣውን፣ የትርፍ ድርሻውን፣ አንዳንዴም ባለፈው ዓመት የተሠራውን ኦቨርታይም ሁሉ ደምሮ «ጠቅላላ ጥቅም» ይለዋል። እርስዎ ግን የመጨረሻው እርከን ላይ አልደረሱም፤ ባለፈው ዓመት ሌላው ሰው የሠራው ኦቨርታይምም የእርስዎ ኪስ አልገባም። ስለዚህ ሁለቱንም ሠንጠረዦች ወደ ጎን ያድርጓቸውና የውሉን ሙሉ ጽሑፍ ይዘው ይቀመጡ፤ የተጠቃለለውን ሁለት ገጽ ማለቴ አይደለም።

መጀመሪያ የሰዓት ክፍያው ምን ምን እንደያዘ ይለዩ። በአንዱ አየር መንገድ የሙያ ፈቃድ አበል፣ የላይን ጥገና (አውሮፕላን ማረፊያው ላይ በበረራዎች መካከል የሚደረግ ጥገና) አበልና የረጅም አገልግሎት አበል በመነሻ ክፍያው ውስጥ ተጠቃልለው ይጻፋሉ፤ በሌላው ደግሞ መነሻው ለብቻው ተጽፎ አበሎቹ በሌላ አንቀጽ ይመጣሉ። ለማሳያ ያህል በመረጥኳቸው አሃዞች ላስረዳ፦ አንዱ ውል 60 ዶላር ብሎ ሁሉንም ቢያጠቃልል፣ ሌላው 54 ዶላር መነሻ፣ 5 ዶላር የፈቃድ አበልና 2 ዶላር የላይን አበል ቢከፍል፣ በሠንጠረዥ ላይ በ6 ዶላር የሚያንሰው ውል በእርግጥ በ1 ዶላር ይበልጣል ማለት ነው። ነገር ግን ያ የላይን አበል የሚገኘው አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ሲሠሩ ብቻ ከሆነ፣ ወደ ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ) የተዛወሩ ዕለት ይቀራል። የሌሊት ፈረቃ አበልም እንደዚሁ ነው። እርስዎ በሌሊት የሚሠሩት ፈረቃ በአገልግሎት ዘመን ቀዳሚነት ስለሚመረጥ ከሆነ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀን ለመሥራት ሲበቁ አበሉን መልሰው ያጡታል፤ ስለዚህ በሃያ ዓመት ስሌት ውስጥ እንደ ቋሚ ገቢ አይቁጠሩት። የንጽጽሩ ቀንም አንድ መሆን አለበት። የአንዱን አየር መንገድ የዛሬ ክፍያ ከሌላው አየር መንገድ የሦስት ዓመት በኋላ ክፍያ ጋር ጎን ለጎን ያስቀመጡ በራሪ ወረቀቶች በእጄ ገብተው ያውቃሉ፤ ያዘጋጃቸው ደግሞ አንዱ ወገን ብቻ አልነበረም።

ቀጥሎ እርከኑን ይመልከቱ። ሁለት ውሎች ሁለቱም ከ35 ዶላር ተነሥተው 60 ዶላር ላይ የሚደርሱ ቢሆኑ፣ አንዱ በአምስት ዓመት ሌላው በአሥር ዓመት እኩል እኩል እየጨመሩ ቢወጡ፣ በሠንጠረዡ ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። በዓመት 2,080 ሰዓት እያሰብን የመጀመሪያዎቹን አሥር ዓመታት ብንደምር ግን ልዩነታቸው 130,000 ዶላር ነው። ስድስተኛ ዓመት ላይ ላለ ሰው የመጨረሻው እርከን ላይ ከሚጨመረው 2 ዶላር ይልቅ እርከኑን በሁለት ዓመት ማሳጠሩ የበለጠ ሊጠቅመው ይችላል። የመጨረሻው እርከን ላይ ያሉ አንጋፋ አባላት በብዛት በሚገኙበት ማኅበር ይህ ጉዳይ ድርድሩ ላይ ቶሎ የሚረሳ መሆኑንም አይዘንጉ። ክፋት አይደለም፤ ድምፁ ያለው እነርሱ ዘንድ ስለሆነ ነው።

ሦስተኛው፣ የተከፈለበት ሰዓትና የተሠራበት ሰዓት አንድ አለመሆናቸው ነው። በአንዱ አየር መንገድ የዓመት ፈቃድ፣ የበዓላትና የሕመም ቀናት ተደምረው 320 ሰዓት ቢሆኑና ክፍያው 58 ዶላር ቢሆን፣ በሌላው ደግሞ ዕረፍቱ 240 ሰዓት ሆኖ ክፍያው 60 ዶላር ቢሆን፣ የዓመቱን ደመወዝ በእርግጥ ለተሠራው ሰዓት ሲያካፍሉት የመጀመሪያው 68.55፣ ሁለተኛው 67.83 ይመጣል። በሁለት ዶላር ያነሰ የመሰለው ውል በልጦ ተገኘ ማለት ነው። የሕመም ፈቃዱ ከዓመት ወደ ዓመት ይጠራቀማል ወይስ ይቃጠላል? በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስ ከተጠራቀመው ላይ ይቀነሳል ወይስ ለብቻው ይታያል? ጉልበትና ወገብ በሚበላ ሙያ ውስጥ እነዚህ ጥያቄዎች እንደ ቀላል ሊታዩ አይገባም።

ስለ ኦቨርታይም አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በአሜሪካ ከ40 ሰዓት በላይ ለተሠራ ሥራ አንድ ተኩል እጥፍ እንዲከፈል የሚያዘው የፌዴራል ሕግ፣ በሬይልዌይ ሌበር አክት (የባቡርና የአየር መንገድ ሠራተኞችን የሥራ ግንኙነት በሚገዛው ሕግ) ሥር የሚተዳደሩ የአየር መንገድ ሠራተኞችን ከዚህ ድንጋጌ ነፃ ያደርጋቸዋል። በአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቀኑን ትርፍ ሰዓት በ1.5፣ የሌሊቱን በ1.75፣ የሳምንት ዕረፍት ቀኑን በ2፣ የሕዝብ በዓሉን በ2.5 ማባዛት እንዳለበት በግልጽ ይደነግጋል፤ እርስዎ ባሉበት ሙያ ግን ማባዣው የሚገኘው በዋናነት ከኅብረት ስምምነቱ ነው። ስለዚህ ኦቨርታይም የሚጀምረው ከቀኑ ስምንተኛ ሰዓት በኋላ ነው ወይስ ከሳምንቱ አርባኛ ሰዓት በኋላ፣ እጥፍ የሚሆነው መቼ ነው፣ ከባልደረባ ጋር ፈረቃ የተለዋወጠ ሰው ምን ይከፈለዋል፣ በግዳጅ ሊያስቀሩዎት ይችላሉ ወይ የሚሉትን አንቀጾች ደጋግመው ያንብቡ። የኦቨርታይም ገንዘብ ራሱን ግን ከንጽጽሩ ያውጡት። ያ ገንዘብ የተገዛው በእንቅልፍዎና በልጆችዎ ሰዓት ነው፤ እንደ ጥቅማ ጥቅም መቁጠር አግባብ አይመስለኝም።

የጤና መድኑ ላይ፣ ባለትዳርና የልጆች አባት ስለሆኑ፣ የቤተሰብ ዕቅዱን ብቻ ያወዳድሩ። ዋናው ነገር የእርስዎ ድርሻ በመቶኛ ነው የተቀመጠው ወይስ በተወሰነ ዶላር የሚለው ነው። በመቶኛ ከሆነ የሕክምና ዋጋ በናረ ቁጥር ድርሻዎም ያድጋል፤ ጭማሪዎ ሳይታወቅ ወደዚያ ይፈስሳል። በወርኃዊው መዋጮና ከኪስ ቀድሞ በሚከፈለው ዲዳክቲብል ላይ በዓመት 3,600 ዶላር ልዩነት ካለ፣ ይህ በሰዓት 1.73 ዶላር ነው። እንዲህ እየመነዘሩ ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ ማምጣት ይቻላል።

ጡረታውም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ታሪክ አለ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ፣ ከአዋጁ ቁጥር በቀር፣ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዩናይትድ አየር መንገድ በ2002 መጨረሻ የኪሳራ ጥበቃ ከጠየቀ በኋላ፣ በ2005 የሠራተኞቹን የጡረታ ዕቅዶች እንዲያቋርጥ የኪሳራ ፍርድ ቤት ፈቀደለት። የጎደለው ገንዘብ 9.8 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ የመንግሥቱ የጡረታ ዋስትና ድርጅት የሸፈነው 6.6 ቢሊዮኑን ነበር። ቀሪው በሠራተኞችና በጡረተኞች ላይ ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ ዕድሜ ልክ እከፍላለሁ የሚለው ጡረታና በስምዎ ፎር ኦ ዋን ኬይ በሚባለው የጡረታ ቁጠባ ሒሳብ ውስጥ በየወሩ የሚገባው ገንዘብ አንድ ተደርገው አይታዩም፤ ሁለተኛው፣ ለድርጅቱ መዋጮ የተቀመጠ የአገልግሎት ጊዜ ካለ እርሱ ሲሟላ፣ የእርስዎ ነው። በዚህም ውስጥ ቢሆን እርስዎ ቢያዋጡም ባያዋጡም የሚገባውን የድርጅቱን መዋጮና እርስዎ ሲያዋጡ ብቻ የሚገባውን ለይተው ይመልከቱ። ደመወዝዎ 120,000 ዶላር ከሆነ እያንዳንዱ አንድ በመቶ በዓመት 1,200 ዶላር ነው።

አሁን ወደ ባልደረቦችዎ ክርክር እንምጣ። የዴልታ መካኒኮች ማኅበር እንደሌላቸውና ክፍያቸው ከትልልቆቹ ጋር የሚወዳደር መሆኑ እውነት ነው። የትርፍ ድርሻ ቀመራቸውም ጥሩ ነው፦ ከግብር በፊት ከሚገኘው ትርፍ የመጀመሪያው 2.5 ቢሊዮን ዶላር ላይ 10 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ባለው ላይ 20 በመቶ ለሠራተኞች ይከፋፈላል። ትርፉ 5 ቢሊዮን ቢሆን 750 ሚሊዮን ዶላር ማለት ነው፤ ኪሳራ ከሆነ ምንም የለም። ነገር ግን ደመወዝ ሲወሰን አንዱ ሌላውን ማየቱ የማይቀር ነው። የዩናይትድ መካኒኮች በቲምስተርስ ማኅበር በኩል በ2016 ያጸደቁት ውል ክፍያቸው በየጊዜው ከአሜሪካን አየር መንገድና ከዴልታ ጋር እየተነጻጸረ እንዲስተካከል የሚያደርግ አንቀጽ ነበረው። ማኅበር የሌለው ድርጅት ደግሞ ሠራተኞቹ ማኅበር እንዳይመርጡ ማኅበር ካለው ጋር እኩል መክፈሉ የሚያዋጣው ነው። ስለዚህ የባልደረቦችዎ ክርክር ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ የዴልታ ክፍያ ያለ ዩኒየን የተገኘ ሳይሆን በሌላ ሰው ዩኒየን የተገኘ ጭምር ነው። ልዩነቱ የሚታየው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው፤ በውል ያልታሰረን ነገር አስተዳደሩ ያለ ድምፅ ሊለውጠው ይችላል።

ይህን ሁሉ ደምረው በሰዓት ምን ያህል እንደሚሆን ካገኙ በኋላ፣ በዶላር የማይመነዘረው አንድ አንቀጽ ይቀራል፤ በእኔ እምነት ከሁሉም በፊት መነበብ ያለበትም እርሱ ነው። «ስኮፕ» ይባላል፤ የትኛው ሥራ በአየር መንገዱ በራሱ መካኒኮች መሠራት እንዳለበትና የትኛው ለውጭ ድርጅት ሊሰጥ እንደሚችል የሚወስነው ክፍል ነው። የአሜሪካ አየር መንገዶች ከባዱን ጥገና ወደ ኤል ሳልቫዶር፣ ሜክሲኮና ቻይና ሲልኩ ዓመታት አልፈዋል። ዩናይትድ በኢንዲያናፖሊስ የነበረውን ግዙፍ የጥገና ማዕከል በ2003 ዘጋው። እርስዎ ካሉበት ብዙ የማይርቀው፣ በፎርት ዎርዝ አሊያንስ የነበረው የአሜሪካን አየር መንገድ የጥገና ጣቢያም፣ ድርጅቱ በ2011 መጨረሻ ኪሳራ ውስጥ ከገባ በኋላ ተዘግቷል። የዚያ ጣቢያ መካኒኮች የሰዓት ክፍያ በሠንጠረዥ ላይ ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ ብሎ መጠየቅ ዛሬ ለማንም አይጠቅምም። በረቂቁ ውስጥ ምን ያህሉ ሥራ በቤት ውስጥ እንዲቀር እንደታሰረ፣ ጣቢያ ቢዘጋ የት ሊዛወሩ እንደሚችሉ፣ ሥራ ቢቋረጥ መልሶ የመጠራት መብት ለስንት ዓመት እንደሚቆይ ይፈልጉ። ክፍያው ከፍ ብሎ ይህ አንቀጽ ከቀድሞው ከላላ፣ ጭማሪው የተከፈለው ከእርስዎ የወደፊት ሥራ ላይ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦

ውላችን «አልቋል» ከተባለ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፤ አሁንም በአሮጌው ደመወዝ እንሠራለን። ሌላው ሠራተኛ ውሉ ሲያልቅ ሥራ ያቆማል፤ እኛ ለምን አንችልም? አንጋፋ ባልደረቦቼ ደግሞ የ2005ን አድማ እያነሡ «አርፈህ ሥራ» ይሉኛል። ድርጅቱ ለመፈረም ጠቀም ያለ ቦነስ አቅርቧል፤ ብንቀበለው አይሻልም?

ከሚኒያፖሊስ፣ ሚኒሶታ

መልስ፦

የአየር መንገድ ውል አያልቅም፤ ለማሻሻያ ክፍት ይሆናል እንጂ። ይህ የሆነው በ1926 ለባቡር ኩባንያዎች የወጣው ሬይልዌይ ሌበር አክት በ1936 አየር መንገዶችንም እንዲያካትት በመደረጉ ነው። የሕጉ ዋና ሐሳብ መጓጓዣ እንዳይቋረጥ ማድረግ ስለሆነ፣ ድርድሩ እስኪያበቃ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ባለበት ይቆያሉ፤ ድርጅቱ ክፍያና የሥራ ሁኔታ መለወጥ አይችልም፣ ሠራተኛውም ሥራ ማቆም አይችልም። ስምምነት ሲጠፋ ጉዳዩ ወደ ናሽናል ሚዲዬሽን ቦርድ ይሄዳል። ቦርዱ አደራዳሪ ይመድባል፤ ድርድሩ ለስንት ጊዜ እንደሚቀጥል የሚወስነውም ቦርዱ ራሱ ነው እንጂ በሕጉ የተቆረጠ ቀን የለም። ቦርዱ ተስፋ ሲቆርጥ የግልግል ዳኝነት እንዲቀበሉ ሁለቱንም ይጠይቃል፤ አንዱ ወገን እንቢ ካለ የ30 ቀን የማቀዝቀዣ ጊዜ ይጀምራል፤ ያ ካለቀ በኋላ ነው አድማ የሚፈቀደው። ያኔም ቢሆን ፕሬዚዳንቱ ጉዳዩን የሚመረምር አስቸኳይ ቦርድ አቋቁመው ሊያዘገዩት ይችላሉ፤ በ2001 በዚያው በከተማዎ አየር መንገድ በኖርዝዌስትና ኋላም በዩናይትድ መካኒኮች ላይ ይህ ተደርጓል። የሳውዝዌስት መካኒኮች በ2012 የጀመሩት ድርድር በአባላት የጸደቀው በግንቦት 2019 ነበር። የእርስዎ ሦስት ዓመት ረጅም ቢመስልም ከተለመደው ውጭ አይደለም።

የ2005ቱን አድማ አንጋፋዎቹ የሚያነሡት ያለ ምክንያት አይደለም። ኖርዝዌስት ከመካኒኮቹ በዓመት 176 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ቅነሳ ጠይቆ፣ አምፋ በሚል አጠራር የሚታወቀው የመካኒኮች ማኅበር ባለመቀበሉ 4,400 ያህል አባላት ኦገስት 20 ሥራ አቆሙ። ድርጅቱ ግን አስቀድሞ ተተኪ መካኒኮችን አዘጋጅቶ ነበር፤ ከባዱ ሥራም ለውጭ ድርጅቶች ተሰጠ፤ የፓይለቶችና የሌሎች ሠራተኞች ማኅበራት አብረው አልቆሙም። ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ ድርጅቱ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ አድማው በይፋ ያበቃው በኖቬምበር 2006 ሲሆን አብዛኞቹ ወደ ሥራቸው አልተመለሱም። ኋላም ኖርዝዌስት ራሱ ከዴልታ ጋር ተዋሐደ። ነገር ግን ከዚህ አንድ ታሪክ ብቻ መማር ሚዛን ያሳጣል። በ1966 በአምስት አየር መንገዶች ሥራ ያቆሙ 35,000 ያህል መካኒኮች ለ43 ቀናት ጸንተው የተሻለ ውል ይዘው ተመልሰዋል። በካናዳም በ2024 ጁን መጨረሻ 680 ያህል የዌስትጄት መካኒኮች በበዓል ሰሞን ለሁለት ቀናት ብቻ ሥራ አቁመው በመቶዎች የሚቆጠሩ በረራዎች ሲሰረዙ ስምምነት ተገኝቷል፤ የካናዳ ሕግ ግን ሌላ መሆኑን ልብ ይሏል። ልዩነቱን ያመጣው ድፍረት ብቻ አልነበረም፤ በ2005 ነዳጅ ተወድዶ፣ ድርጅቶች ከስረው፣ ከሥራ የተቀነሰ መካኒክ ሞልቶ ነበር። ዛሬ መካኒክ መተካት እንደዚያ ዘመን አይቀልም።

እስከዚያው ድረስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2019 ሁለት ትልልቅ አየር መንገዶች፣ አሜሪካንና ሳውዝዌስት፣ መካኒኮች ሆን ብለው ሥራ አጓተቱ በማለት ማኅበራቱን ከስሰው ነበር፤ በአሜሪካን ጉዳይ ፍርድ ቤቱ የእግድ ትእዛዝ ሰጥቷል። ተባብሮ ኦቨርታይም እንቢ ማለት እንኳ በድርድር ወቅት እንደ አድማ ሊቆጠር ይችላል። በሌላ በኩል ለበረራ ብቁ ያልሆነን አውሮፕላን ብቁ ነው ብሎ መፈረም ደግሞ የእርስዎን ፈቃድ የሚያስነጥቅ ነው፤ ብልሽት ካዩ ድርድርም ይኑር አይኑር ይጻፉት።

ቦነሱን በተመለከተ በዘገየው ጭማሪ ይለኩት። በሰዓት 4 ዶላር ጭማሪ ሁለት ዓመት ቢዘገይ ያጡት 16,640 ዶላር ነው። ውሉ ክፍያው ወደኋላ ተመልሶ እንዲታሰብ ካላደረገና በምትኩ 8,000 ዶላር ቦነስ ከሰጠ፣ ከሚገባዎ ግማሹን እንኳ አላገኙም፤ ከዚያም ላይ ቦነስ ሲከፈል ለፌዴራል ገቢ ግብር አብዛኛውን ጊዜ 22 በመቶ ተይዞ ይቀራል። እኔ ራሴ ወጣት መካኒክ ሳለሁ በአንድ ድርጅት ውስጥ ቦነሱን አይቼ «አዎ» ብዬ ድምፅ ሰጥቻለሁ። ገንዘቡ አሮጌ መኪናዬን ለወጠልኝ፤ የላላው የሥራ ዋስትና አንቀጽ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ ፈረቃዬን ወደ ሌላ ከተማ ወሰደው። «አይ» ቢሉ ግን ተደራዳሪዎቹ በማግሥቱ የተሻለ ነገር ይዘው ይመጣሉ ማለት አይደለም፤ ሌላ አንድ ዓመት በአሮጌው ደመወዝ መኖር ይችሉ እንደሆነ የቤትዎን ወጪ አስልተው ይወስኑ።

ጥያቄ፦

አዲስ አበባ በሃንጋር ውስጥ ስምንት ዓመት ሠርቼ በቅርቡ ቨርጂኒያ ገብቻለሁ። ልምዴ በደመወዝ እርከን ላይ ይታሰብልኛል?

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦

ልምድዎ ሁለት ቦታ ይታያል፤ በአንዱ ይጠቅማል፣ በሌላው ላይጠቅም ይችላል። ለፈቃዱ ይጠቅማል። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የኤርፍሬምና የፓወርፕላንት ፈተናን አብሮ ለመውሰድ 30 ወር የተግባር ልምድ ይጠይቃል፤ የውጭ አገር ልምድ በማስረጃ ከተረጋገጠ ይቆጠራል። ስለዚህ የሠሩባቸውን የአውሮፕላን ዓይነቶችና የሥራ ዓይነቶች የሚዘረዝር ደብዳቤ ከቀድሞ አሠሪዎ ያስመጡ፤ «ሠራተኛችን ነበሩ» የሚል ሁለት መስመር ብቻ ያለው ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ከዚያ የጽሑፍ፣ የቃልና የተግባር ፈተናው ይቀጥላል። እንግሊዝኛ ማንበብ፣ መናገር፣ መጻፍና መረዳትም የሕግ መሥፈርት ነው።

በአገልግሎት ዘመን ቀዳሚነት ግን ሁሉም ሰው ከዜሮ ይጀምራል፤ ሃያ ዓመት የሠራ ቢሆን እንኳ ፈረቃና የዕረፍት ቀን ሲመርጥ ከትናንት ወዲያ ከተቀጠረው ወጣት በኋላ ነው። የደመወዝ እርከን ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንዳንድ አየር መንገዶች ልምድ ላለው ሰው ከፍ ካለ እርከን ያስጀምራሉ፣ ይህም በኅብረት ስምምነቱ ወይም በቅጥር ደብዳቤው ላይ ይጻፋል። ከመፈረምዎ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከገቡ በኋላ ይስተካከላል የሚል የቃል ተስፋ አይቀበሉ። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ በሜይ 2024 የአውሮፕላን መካኒኮችን መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 78,680 ዶላር አድርጎታል። ይህ አሃዝ ግን ትናንሽ የጥገና ድርጅቶችንም ስለሚያካትት ከትልልቅ አየር መንገዶች የመጨረሻ እርከን በእጅጉ ያነሰ ነው። የመጀመሪያ ሥራዎ ከጥገና ድርጅት ቢሆንም ፈቃዱን እስኪያገኙ እንደ መሸጋገሪያ ይዩት።

ጥያቄ፦

ባለቤቴ የአየር መንገድ መካኒክ ነው። ሥራ ሊቀይር ሲያስብ «ነፃ ትኬቱ ይቀርብናል» እላለሁ። ዋጋው በንጽጽሩ ውስጥ መግባት የለበትም?

ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ

መልስ፦

እመቤቴ፣ ይግባ፤ ግን በዶላር አይመንዝሩት። ትኬቱ ባዶ ወንበር ሲገኝ የሚሰጥ ነው። ለእርስዎ፣ ለልጆችዎ፣ ለባለቤትዎ ወላጆች ጭምር በአየር መንገዱ የራሱ በረራ ላይ ከሆነ ግብር የማይከፈልበት መሆኑ ትልቅ ነገር ነው፤ እናቱን በየዓመቱ ከሲያትል ለሚያስመጣ ሰው ሌላ ጥቅም የሚተካው አይደለም። ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ግን የአሜሪካ አየር መንገዶች በራሳቸው አውሮፕላን ስለማይበሩ፣ ቅናሹ የሚወሰነው የባለቤትዎ አሠሪ ከሌላው አየር መንገድ ጋር ባለው የሠራተኞች ትኬት ስምምነት ነው፤ አዲሱ አሠሪ ያ ስምምነት እንዳለው ከማንም በፊት ይጠይቁ። ስምምነቱ ቢኖር እንኳ ከዋሽንግተን ደለስ የሚነሣው አውሮፕላን በገና ሰሞንና በክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጢም ብሎ ስለሚሄድ፣ ሻንጣ ይዞ በር ላይ ቆሞ ስም እስኪጠራ መጠበቅ አለ፤ ሁለት ልጆች ይዞ ሦስተኛው ቀን ላይ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ የገባ አባወራ አውቃለሁ።